ሃምሳ ሁለት

ቅጹ ባዶ ሣጥን ከፍቶ «ተጨማሪ ማብራሪያ» ይላል፤
የኢንተርኔት ቤቱ ቆጣሪ ብሬን በደቂቃ ይበላል።
ፊዚክስ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፦ ሃምሳ ሁለት፣
በዘጠናዎቹ መሀል የወለቀ ጥርስ ክፍተት።

ያን ዓመት ቱሉ ዲምቱ ገባን፣ በርና መስኮት ወደሌለው ቤት፤
ትምህርት ቤቴ እዚያው ቀረ፣ የፈረሰው ሰፈራችን ካለበት።
ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ሰልፍ፤ አውቶቡሱ ከመጣ።
ፊዚክስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣
እኔ ስገባ ቲቸር ሽብሩ ሲወጣ።

«ምክንያት» ይላል አባቴ፣ «እንደ ኮንዶሚኒየም ውሃ ነው፤
ሲጠብቁት ይጠፋል፣ ሲመጣም ደፍርሶ ነው።»
እትዬ ዘርፌ ከታችኛው ፎቅ፦ «ጻፊ እንጂ!
ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ ልጄ።»

ጻፍኩት። ሰልፉን፣ ጭቃውን፣ የተገነጠለ ሶሌን ሁሉ።
ሳነበው፣ ተከፍሏት የመጣች አልቃሽ መሰልኩ።

ደግሞስ በጊዜ የደረስኩባቸው ቀኖች አልነበሩም?
ነበሩ።
ያኔም ቬክተር አልገባኝም።

አጠፋሁት። ልጁ «ልንዘጋ ነው» አለ፣ ቁልፉን እያንቃጨለ።
ሁለት መስመር ብቻ አስቀረሁ፦
«ያን ዓመት ቤታችን ራቀ።
ሃምሳ ሁለቱ ግን የኔ ነው።»

«ላክ» የሚለው ላይ ደርሼ ተመለስኩ፣
«ግን»ን ሰረዝኩ።