ሃያ ሜትር ገመድ

የሪግሞር ግድግዳ ጥቁር ድንጋይ ነው፣
ክንድ ተኩል ወፍራም፣ አባቷ የካበው፣
የፋሮ ደሴት ንፋስ ጥሶ እንዳይገባ።
ንፋሱም አልገባ፣
ዋይፋዩም አልገባ።

እሑድ እሑድ ማታ ልጇ ከኮፐንሃገን ሲደውል
ፊቱ እንደ ሸክላ ስብር ይላል፤
አፉን ከፍቶ፣ «እማ፣ እኔ እኮ...» ላይ ይደርቃል።
እሷም «ይሄ ኔትወርክ!» ትላለች፤
ሰበብ ከተገኘ ማን ይጠይቃል?

ማክሰኞ ዕለት ከወደቡ ሱቅ ገመድ ገዛች፤
ሰማያዊ፣ ከመንጠቆና ከመረብ ጎን የተሰቀለ።
በደረጃው ጥግ፣ በበሩ ሥር፣ በምንጣፉ ሆድ
እየጎተተች፣ በትንንሽ ምስማር እየያዘች፣
በስድሳ ስምንት ዓመቷ በጉልበቷ ዳኸች።
ጫፉን ላፕቶፑ ጎን ስትሰካው
ቀጭ አለ።
የዋይፋዩን ምልክት ራሷ አጠፋችው፣
ኩራዝ እፍ እንደሚል ሰው።

እሑድ መጣ።
ቴይቱር ጥርት ብሎ ወጣ፤
የጺሙ ሽበት አንድ ባንድ ይቆጠራል፣
ከኋላው የቧንቧ ጠብታ ሳይቀር ይሰማል።
«ሥራ እንዴት ነው?» አለችው።
ዝም።
ገመዱን ነካካች፣ ጠብቋል።
መብራቱን አየች፣ አረንጓዴ ነው።
የልጇ ዐይን ይርገበገባል፤ ምስሉ አልቆመም።
ዝምታው የራሱ ነው፣
ከመስመሩ አይደለም።

ስንት እሑድ ይሆን እንዲህ ዝም ያለው፣
እሷ ግድግዳውን፣ ንፋሱን ስትወቅስ?

«ይሄ ኔትወርክ...» ልትል አፏን ከፈተች።
ተወችው።
ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች።