ሞዴል ሃያ ሁለት

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ አስፋልቱ አልቆ ጭቃው ሲጀምር፣
በትምህርት ቤቱ ግቢ በስተግራ፣ ሁለት ቁልፍ ያለው የቆርቆሮ በር፣
የኔ ነው። ንብረት ክፍል።
አምስት ላፕቶፕ ከነካርቶናቸው ተረክቤያለሁ፣ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ፣ በፊርማ፤
ሁለት ዓመት ጠበቅኳቸው፣ አቧራ ሳይነካቸው፣ በጨለማ።
እንደ ልጅ ጠበቅኳቸው እንዳልል፣ ልጅ ያድጋል።
ኦዲተሩ መጣ፣ ቆጠረ፣ «አዲስ ናቸው» አለ፤ ለኔ ይኼ ይበቃል።

ከዚያ መምህርት ትርሲት መጣች፤ አራተኛ «ለ» ደረሳት።
«ጋሽ ወርዶፋ፣ ላፕቶፖቹን?» አለች። «ቢሰበሩስ?» አልኳት፤
«ከማን ደሞዝ ነው የሚቆረጠው?»
«እሺ» ብላ ሄደች።
የማይከራከር ሰው ክፉ ነው፤ ድምፁ ማታ ነው የሚመጣው።

ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹ ኮተት ተሸክመው መግባት ጀመሩ፤
የሃይላንድ ክዳን፣ የጃንጥላ ሽቦ፣ የሞተ ሪሞት ከነአዝራሩ።
ካሊድ የአባቱን የባጃጅ ጥሩምባ፣ ከአሮጌ ባትሪ ጋር፣ ነቅሎ መጣ፤
አባትየው ሁለት ቀን በፉጨት ነዳ፣ ጥሩምባ ሲያጣ።

በመስኮት አየኋት፤ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ጻፈች፦
«በሰፈራችሁ ማንን፣ ምን ያስቸግራል?» ጠመኔውን አስቀመጠች።

አንዱ ጭቃ አለ። አንዷ አራተኛ ፎቅ፣ ደረጃው፣ የአያቷ ጉልበት።
ናሁሰናይ ጅብ አለ። ሳቁበት።
(እውነቱን ነው፤ ከካባው ማዶ ማታ ማታ ይመጣል።)
ቢፍቱ ከኋላ እጇን ግማሽ አውጥታ፣ ድምጿ ይቆራረጣል፦
«ውሃ» አለች። «በሳምንት አንዴ፣ ያውም በሌሊት ነው የሚለቀቀው።
እማዬ ቧንቧው ሥር፣ በርጩማ ላይ፣ ቁጭ ብላ ነው የምትጠብቀው።
ካንቀላፋች መጥቶ ሄዷል።»
ማንም አልሳቀ።
ያ በርጩማ እኔም ቤት አለ፤ ከባለቤቴ ዓይን ጋር አብሮ ያለቀ።

ሐሙስ ትርሲት ተመለሰች፤ የያዘችው ወረቀት መሐሉ የተቀደደ።
«ሰባት ጊዜ ሳሉት፣ ሰባት ጊዜ አጠፉት። ላጲሱ ወረቀቱን በሳው።
ስክሪን አይበሳም» አለችኝ፤ ልቤ ተንገዳገደ።
ሞዴል ሃያ ሁለት አወጣሁ፤ ካርቦኑን ገለበጥኩ፣ አቃናሁ።
«ላፕቶፕ፣ አንድ። ለአንድ ቀን።» ጽፌ ሰጠሁ።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።
ሃምሳ ሦስት ልጅ፣ አንድ ስክሪን፣ ሠላሳ በመቶ ባትሪ፤ ማንም ማንንም አልገፋ።
ቢፍቱ በጣቷ ሳለች፦ ጀሪካን፣ የሚንሳፈፍ ክዳን፣
ውሃው ክዳኑን ሲያነሳው ሚስማርና ሚስማር ሲሳሳሙ፣
ከዚያ ጥሩምባው።
የመጀመሪያው ሙከራ ዝም አለ። ሁለተኛው ያለ ውሃ ጮኸ።
በሦስተኛው ክዳኑ ተገለበጠ።
ትርሲት አንድ ቃል ብቻ ነው ያላት፦ «እንደገና።»
አርብ ቢፍቱ በሬ ላይ፣ ፌስታል አንጠልጥላ፦
«እርስዎ ቤት ይሞከር ተባለ፤ ዕቃ አይጠፋብዎትምና።»

ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ ብሎኩ በሙሉ ባጃጅ ገባ ብሎ ነቃ፤
ውሻው፣ ሕፃኑ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጡረተኛ መቶ አለቃ።
ባለቤቴ ተነሳች፤ ከአልጋዋ ነው፣ ከበርጩማው አይደለም፤
ጀሪካኖቿን ደርድራ ቀዳች፣ ተመልሳ ተኛች። እኔ አልተኛሁም።

ሰኞ ዕለት አምስቱም ወጡ።
ሲመለሱ የአንዱ ቁልፍ ወልቋል፣ የአንዱ ክዳን ላይ ማስቲካ፤
ሁሉም ሞቀዋል፣ የልጅ እጅ ሲነካ።
መዝገቡን ገለጥኩ። «ሁኔታ» ከሚለው ዓምድ ሥር
ሁለት ዓመት ሙሉ «አዲስ»፣ «አዲስ» እያልኩ ስኮራበት የነበር፤
በቀይ ሰረዝኩት። አጠገቡ ፈረምኩ። ኦዲተሩ ይጠይቀኝ እንግዲህ፤
በአምስቱም ትይዩ ጻፍኩ፦
«ያገለገለ።»