ዳገት ፍለጋ

ይህ አገር ሜዳ ነው። ከአድማስ እስከ አድማስ
ብስክሌት ይፈሳል፣ ውሃም ይላል ቀስ።
ግሮኒንገን ላይ፣ ሽቅብ የሚባል ነገር
ድልድይ ሲነሣ ነው፣ ጀልባ እስኪሻገር።

እኔና ደምሰው ግን፣ ዘንድሮ ያማረን
ዳገት ነው፤ ጭቃ ነው፤ ፀሐይ የሚያሳርረን።
አንድ ደሴት አለ፣ ከምድር ወገብ በታች፣
መንገዷ ካርታ ላይ፣ ክር ናት የተፈታች፤
አራት ቀን ያስኬዳል፣ ሦስት ሌሊት በድንኳን፤
በቀን ሠላሳ ሰው፣ አይጨምሩም አንድ እንኳን።

ፈቃድ የሚሰጠው፣ በእነሱ ማለዳ፣
በእኛ ሌሊት ስምንት ነው፤ በጨለማ ጓዳ
ከስክሪን ተፋጠጥን፣ ፒጃማ እንደለበስን፤
ሁለት ስም ሲጸድቅ፣ ጎረቤት ቀሰቀስን።

ልምምድስ የት ይሁን? ተራራ ቢታጣ
ደምሰው አንድ ማታ፣ እየሳቀ መጣ፤
«ዘጠኝ ፎቅ ዳገት አለ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣
የመኪና ማቆሚያ፤ ደረጃው ነጻ ነው፣ የፈለገ ይግባ።»
ቅዳሜ በመጣ፣ ምስር አሥር ኪሎ
በየጀርባችን ላይ፣ በከረጢት ታዝሎ
ሽቅብ እንላለን፣ ቁልቁል እንላለን፤
ሽንት ሽንት በሚል ደረጃ፣ ላብ እንታጠባለን።

ዘበኛው ዊቦ አስቁሞ፣ «መኪናችሁ የት ነው?»
«መኪና የለንም። ደሴት ልንሄድ ነው።»
ትንሽ አሰበና፣ «ደሴት» አለ፣ «ባሕር ውስጥ ነው፤
ፎቅ ላይ አይገኝም።»
እሱም እውነቱን ነው።

ወጥ ቤት ያለው ሚዛን፣ ዱቄት መስፈሪያችን፣
ዳኛ ሆኖ ተሾመ፣ በየዕቃችን።
የጥርስ ብሩሼን እጀታ፣ ቆረጠው በመጋዝ፤
«ስምንት ግራም ዳነ» አለ፤ «ይህም አንድ ጓዝ።»
ለአልቅት ቁንጥር ጨው፣ ለትንኝ ቅባት፣
ለዝናቡ ላስቲክ፣ ለጨለማ መብራት፤
«ድንኳኑ በእኔ ይሁን፣ ምድጃው በአንቺ ይሁን፣
ገመድ በእኔ፣ ድስት በአንቺ።» ተካፈልን ሸክሙን።

መመሪያው እንዲህ ይላል፦ ወንዙ ሲደፈርስ
አትሻገሩ፤ ቁሙ፣ እስኪጠራ ድረስ።
ደምሰው ይህን ዐረፍተ ነገር፣ በቀይ አሰመረው፤
ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ስድስተኛው ፎቅ ላይ፣ ጉልበቱን ጀመረው።

ጉልበት በእኛ ቋንቋ፣ እግር ላይ ያለችው መታጠፊያም ነች፣
አቅምም ነች።
ሐኪሟ ይህን ከየት ታውቅ? ፎቶውን በእርሳስ ነካ አደረገች፣
«አልቋል» አለች።
በሆላንድኛ ነበር። ደምሰው ግን በአማርኛ ሰማት፤
ኮቱን ሲቆልፍ፣ አንዷን ቁልፍ እጁ ሳታት።

ቅዳሜ ብቻዬን ወጣሁ።
ዊቦ፣ «ሰውየውስ?» አለኝ።
«ወንዙ ደፈረሰ» አልኩት።
ገባው አልገባው እንጃ፣ በሩን ከፈተልኝ።

ማታ ቤት ስገባ፣ ጓዙን ዘረገፈ፤
የእሱን ድርሻ ሁሉ፣ ወደ እኔ አሳለፈ፤
ድንኳኑን፣ ገመዱን፣ ቀይ ያሰመረበትን ካርታ።
«ብቻዬን?» ስለው፣ የሻንጣ ሚዛኑን አወጣ በዝግታ።

ለሁለት ጀርባ ነበር፣ ይህን ሁሉ የቀመርነው።

ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በመንጠቆው ሰቅሎ
ቦርሳዬን መዘነ። «ያውልሽ፣ አሥራ አንድ ኪሎ።»
እኔ በወረቀት፣ ጠዋት ደምሬዋለሁ፤
አሥራ አራት ነው። አውቃለሁ።

ሚዛን ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ነጋዴ
ስንቱን አይቻለሁ፤ ለመጨመር ነው የሁሉም ዘዴ፤
የሚቀንስ አላየሁም።

ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ከቦርሳዬ ሥር
ያ «አልቋል» የተባለው ጉልበቱ ነበር፤
ሦስቱን ኪሎ ይዞ።