የውሻ ሳል

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ትሮንድሃይም፣ ጥር ወር፤
ትብለጥ ተረኛ ናት፣ ከአረጋውያን ዘንድ ልታድር።
እኔና ምዕራፍ ብቻ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፤
ውሻ ጮኸ ከክፍሏ። እኛ ውሻ አለን ወይ?

ሮጥኩ። ልጄ ናት። ተቀምጣለች አልጋዋን ጨብጣ፣
ሳሉ ከደረት አይመስልም፣ ከባዶ በርሜል የሚወጣ።
አየር ስትስብ ያፏጫል፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ፤
ዓይኗ "አባዬ፣ ምንድነው?" ይላል። እኔም የለኝ መጠሪያ።

እጄ ወደ አፏ ሄደ። ጉሮሮዋን ልይ፣ ልዳስስ።
የአያ ውበቴን ጣት አስታወስኩ፣ የፈረስ ጭራ የቋጠረ፣
እንጥሌን ይዞ የሄደ፣ ሳሌን ለእኔ ያስቀረ።

ደወልኩ። ያነሳችው ነርስ ድምጿ አይቸኩልም፤
"አሰማኝ" አለች። ሰማች። "ክሩፕ ነው፣ ብርቅ አይደለም።
ከማንቁርቷ በታች አብጧል፣ ጉንፋን ነው ያመጣው፤
የልጅ መተንፈሻ ቀሰም ነው፣ ጥቂት እብጠት የሚዘጋው።
አፏን አትፈልቅቅ፣ አታስተኛት፣ ቀና አርገህ እቀፋት፤
ካለቀሰች ይብስባታል፣ ደንግጠህ አታስፈራት።
ጎድኗ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ከመሰለ፣
ምራቋ ከተዝረበረበ፣ አምቡላንስ ጥራ፣ ሌላ ምክር የለ።
አሁን ግን ጠቅልላትና በረንዳው ላይ ውጣ።"

"ብርዱስ?"

"ብርዱን ነው የምልህ። ውጣ።"

ብርድ! እኔን ያሳደገኝ ቤት መስኮቱን በጨርቅ የወተፈ፣
"ነፋስ ገባ፣ በሩን ዝጋ" ሲል ዕድሜውን ያሳለፈ፤
በታክሲ መስኮት የሚጣላ፣ ምችን በስሙ የማይጠራ፣
የዚያ ሁሉ ሰው ዘር ነኝ። ወጣሁ፣ እየፈራሁ፣ ከልጄ ጋራ።

በረዶው ዝም ብሎ ይወርዳል። በእናቷ ካፖርት ይዣት፣
ሳለች፤ ግቢው አስተጋባ፤ ከታች አንድ መስኮት በርቶ ሰማት።
ሩብ ሰዓት ያህል ቆጠርኩ፣ ትንፋሿን አንድ በአንድ፤
ፉጨቱ እየቀጠነ ሄደ፣ እንደሚርቅ ባቡር በመንገድ።
አፍንጫዋን አንገቴ ሥር ወሸቀች፣ ጠጠር በረዶ የመሰለ፤
እጇን ዘርግታ "ይበላል?" አለች፣ በረዶው መዳፏ ላይ ሳለ።

ጠዋት ሐኪሙ አንድ ጊዜ የሚጠጣ ሽሮፕ ሰጣት፤
"ማታ ሊመለስ ይችላል፣ አሁን ግን ታውቁታላችሁ" አለን፣ እኔንም እናቷንም።

ስንመለስ መግቢያው በር ላይ ተለጥፏል ማስታወሻ፦
"ውድ ነዋሪዎች፣ በዚህ ሕንፃ አይፈቀድም ውሻ።"

ምዕራፍ ቀና ብላ አየችው።
ሳለችበት።