የድድ ቀለም

ባጃጅህን አቁም ከኒሙ ጥላ ስር፣
ሞተሩንም አጥፋ፤ አለኝ ትንሽ ነገር።
ዶክተር ረምላ ወጥታ የነገረችህን
አውቀዋለሁ፣ ኢብሳ፤ አየሁት ፊትህን።
እኔም እዚህ ሳቢያን፣ ደረጃው ላይ ቆሜ፣
ፉርጎን በሽርጤ እንዳለ ተሸክሜ፣
«ደሙ ደሙን በላ» ሲሉኝ ሳቄ መጣ፤
እንዲህ ያለ ደዌ ከየት አባቱ ወጣ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሻህ በር ሲጠብቅ
ውስጡም ዘበኛ አለ፣ ለእኛ የማይታወቅ፤
አንድ ሌሊት ታዲያ ይዞርበትና
የቤቱን ሰው ሁሉ ሌባ ይለውና
ይነክሳል፣ ይነክሳል፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣
ሽንቱ ጥቁር ሻይ ነው፣ ድዱ ኖራ ይመስላል።

ክፋት አይደለም ግን። ስህተት ነው፣ ስህተት ብቻ።
አንተም ያጠፋኸው የለም። አጥንት ስለሰጠኸው አይደለም፤
ደቻቱ አሸዋ ላይ ስለተንከባለለ አይደለም፤ የጎረቤት ዓይንም አይደለም።
መዥገር ይሁን ሌላ፣ ዶክተሯም በእርግጥ አታውቅም።

ኪኒኑ ያስርበዋል፤ ምግብ ቢያጣ ጫማህን ይበላል።
ሲጠጣ ይውላል፣ ሲሸና ያድራል፤ ምንጣፍህን አንሳ።
ሆዱ ይነፋል፣ ጠጉሩ ይሳሳል። አይዞህ፣ ኢብሳ።
በድንገት እንዳታቆም ብቻ፣ «ድኗል» ብለህ በራስህ።
እኔ አንዴ አቁሜ ፉርጎ በሦስተኛው ቀን እግሬ ስር ወደቀ።
ይኸው እስካሁን ሳወራው ምላሴ ይከብደኛል።

ሰው ይስቅብሃል።
«በዚህ ብር በግ አይገዛም?» ይሉሃል የተራ ጓደኞችህ።
አትመልስላቸው። መልስ እኔም ፈልጌ አጣሁ፤
ሃያ ስምንት ዓመት ምድር ባቡር ጋራዥ ብረት ስጠግን ኖሬ
ባቡሩ የቆመ ጊዜ፣ ሰዉ የተበተነ ጊዜ፣
ከደጄ ያልሄደው ማን እንደሆነ ብቻ ነው የማውቀው።

ደም ካስፈለገም አትፍራ።
የሲሚንቶ ፋብሪካው ዘበኛ አበጋዝ፣ ጥጃ የሚያህል ውሻ አለው፣ ነብሮ የሚባል።
ለፉርጎ ደም የሰጠው እሱ ነው፣ ጅራቱን እየቆላ።
ለአበጋዝ ብር ስዘረጋለት ተቆጣኝ፤ «ደም ይሸጣል?» ብሎ።
ሁለት ኪሎ ሥጋ ግን፣ ለነብሮ፣ ተቀብሎኛል።

ይህን ደብተር እንካ። መጀመሪያው የእኔ ጽሑፍ አይደለም፤
የወይዘሮ ሎሚናት ነው፣ የነምበር ዋኗ፣ የቀስቶ ባለቤት።
በየማለዳው የቀስቶን ከንፈር ገለጥ አድርጋ ያየችውን ቀለም ጽፋለች፦
«ነጭ። ነጭ። እንደ ደቻቱ አሸዋ።
ትንሽ ሮዝ መሰለኝ፤ መብራቱ ይሆን? ነጭ።»
ከዚያ ቀኑ ብቻ የተጻፈበት መስመር አለ።

ቀስቶን በቀበረች በሳምንቷ በሬን አንኳኳች፤
ደብተሩንና ባትሪዋን ይዛ፣ «ማታ ማታ አብሬህ ልየው» አለች።
አሥራ አንድ ሌሊት ባትሪ ያዘችልኝ፣
የሌላ ሰው ውሻ ድድ ላይ።
እንዴት እንደቻለችው ጠይቄያት አላውቅም።

ከዚህ ገጽ ጀምሮ ያለው ጠማማ ጽሑፍ የእኔ ነው።
ፉርጎ ዛሬ በቀን ሩብ ኪኒን ላይ ነው፤
ድዱ የበሰለ ዘይቱን ውስጡን ይመስላል።
ነገም እንዲህ ይሆናል አልልህም፤ ለአንተው ጃሎም አልምልልህም።

ነገ ግን ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣
ከንፈሩን ገልጠን አብረን እናየዋለን፣ ኢብሳ።
የቀለሙ ስም ከጠፋህ መስመሩን ባዶ ተወው፤ እሞላዋለሁ።
እስክሪብቶ ብቻ ከራስህ አምጣ፤
የእኔ አልቋል።