ዋሱ

የሌሊት ዘበኛ ነኝ፤ አኮ፣ ከባሕሩ ዳር፣
ፈረሰኞች የገነቡት የድንጋይ አዳራሽ በር።
አስጎብኚዋ ሮኒት፣ ፈረቃ ስንቀያየር፣
ቁልፍ እያስረከበችኝ ያችኑ ታሪክ ትጀምር።
ፈረሰኛው ገርሞን ይባላል፤ በአማርኛዬ ገርሞኝ ሳቅሁ፤
ላስረዳት ብዬ ጀምሬ፣ መሃል ላይ ተውኩት፣ ሰነፍሁ።

ጽፋት ተማርኮ ገርሞን፣ ከግንቡ ሥር ጨለማ ቤት፣
አሚሩ ዋጋ ቆረጠ፣ ሺህ ዲናር ለነፍሱ ነፃነት።
«ሂድና ፈልገህ አምጣ፣ አርባ ቀን እታገሣለሁ፤
ብትቀር፣ ዋስ የጠራኸውን ቀኝ እጁን እቆርጣለሁ።»
ዋሱ ጋሻ ጃግሬው ቲቦ፤ ጢም እንኳ ያላቀመቀመ፤
«እኔ አለሁ» አለና ወጣ፣ መዳፉን ዘርግቶ ቆመ።

ገርሞን አኮ ገባ በእግሩ። ፈረስ የለው፣ ጥሩር የለው፤
የሚስቱን ቀለበት ሸጠ፣ የወይን መሬቱን ሸጠው፤
ስድስት መቶ ሆነለት። አራት መቶው ከየት ይምጣ?
ወደቡ ላይ ደግሞ መርከብ፣ ለማርሴይ ሸራ ሲያወጣ።
ቄሱ፦ «ለማያምን የማሉት፣ እግዜር ዘንድ አይጻፍም» አለው፤
ባለ መርከቡ፦ «ና ግባ፣ ለቦታው አላስከፍልህም» አለው፤
ሚስቱ ግን ምንም አላለች፤
ልጁን አምጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠች።

አባቴ ይተርት ነበር፦
«የተናገሩት ከሚጠፋ፣ የወለዱት ይጥፋ።»
ይህን ያለው ሰው ግን፣ ያኔ ሲናገረው፣
ልጅ ጭኑ ላይ ነበረው?

ገርሞን ልጁን አወረደ። ሄደ።
ራማ ላይ፣ ከወይራ ሥር፣ አንድ ሌሊት ዘገየ።
ለምን? እንደ ሰሚው ነው፤
ለተማሪዎች ስትነግር፣ ወንዝ ሞልቶ ነው ትላለች፤
ሽማግሌ ከመጣ ግን ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፦
«እንቅልፍ ጣለው።»
በአርባ አንደኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ ደረሰ፤
ከረጢቱን ጣለና፣ ግንዱ ላይ እጁን ዘረጋ፤
«የኔን ቁረጥ» አለ፣ አሚሩም አለቀሰ፤
ሁለቱንም ፈታቸው፣ ያለ ቀሪው ዋጋ።

«ታዲያ አለፈ ወይስ ወደቀ?» ትላለች ሮኒት ለጎብኚ።
ፈረንሳዮች ያጨበጭባሉ፤
ባለፈው የመጡት ወታደሮች፣ ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ፣
ሰዓት እየቆጠሩ ተጣሉ።
ቲቦን የጠየቀ የለም።

እኔ ግን ሌሊት ሌሊት፣ ባዶውን አዳራሽ ስዞር፣
ባሕሩ ከግድግዳው ጀርባ እንደ በሽተኛ ሲያቃስት፣
የማስበው አርባኛዋን ማታ ነው።
በፍርግርጉ ቀዳዳ መንገዱን ያየ ያየና፣
ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶት፣ ጭድ ላይ ቁጭ ብሎ ቲቦ፣
«እንዲህ ነው ጫማ ማሰር፣ እንዲህ ነው እንጀራ መቁረስ»
እያለ፣
ግራ እጁን ሲያስተምር።

አውቀዋለሁ ያን ሌሊት።
የእህቴ ባል ይርዳው፣ ለዳቦ መኪና ሲበደር፣
ባንክ አብሬው ሄድኩና ዋስ ሆኜ ስሜን አሰፈርሁ፤
በዕብራይስጥ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በዝግታ።
ጸሐፊዋ «ገብቶሃል?» አለች። «ገብቶኛል» አልኩ ኮራ ብዬ።
ከዚያ ወዲህ፣ ወር በገባ በዐሥር፣
ስልኬን ደረት ኪሴ ከትቼ፣
እንደ ሁለተኛ ልብ አዳምጠዋለሁ።
ትናንት ዐሥር ነበር። አልከፈለም።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ መጣ፤ መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ፣
ቅንድቡን ዱቄት ነክቶት፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ደክሞ፤
«ከፈልኩ» አለኝ፣ «አሁን ገና፤ አንድ ቀን ነው ያሳለፍኩት።»
ትኩስ ዳቦ ዘረጋልኝ።
ተቀበልኩት፣
በግራ እጄ።