የእሳቱ ሰ

ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ከኒሟ ጥላ ሥር፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ማመልከቻ ሳሳምር፣
የድሬን አቤቱታ በገጽ ስቆጥር፣
እንዲህ ያለ ወረቀት አልጻፍኩም ነበር።

የጽሕፈት መኪናዬ አርጅታለች፤ ሪባኗ ደብዝዟል፤
ደወሏ ሲሻው ዝም ይላል፣ ሲሻው ይጮኻል።
ሌላው ፊደል ደኅና ነው፤ የንጉሡ ሠ ይመታል፤
የእሳቱ ሰ ግን ካምና ሐምሌ ወዲህ አንገቱ ተሰብሯል።

ኢፍቱ አብዶሽ መጣች፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
የዘጠኝ ወር ደብተር ከፌስታል አውጥታ።
ማታ ማታ ጣሪያዋ ላይ ነጭ ሳህን ዘርግታ፣
ጧት በሻይ ማንኪያ ሰፍራ የመዘገበችው ነው፦

ኅዳር አራት፤ ማንኪያ ከሩብ። ነፋሱ ከፋብሪካው።
ኅዳር አምስት፤ ሁለት ማንኪያ። ሙኒርን ሳል ባሰው።
ኅዳር ስድስት፤ ካፊያ ጣለ። ሳህኑ ላይ ጭቃ ነው።

«የኖራ ፋብሪካው» አለች፣ «ከሰው ቤት
አምስት መቶ ሜትር ይራቅ የሚል ሕግ ነበረ፤
አሁን መቶ ይበቃል ተብሎ ረቂቁ ተቀየረ።
በየወሩ ይለካ የነበረው ጭስ በዓመት አንዴ ሊለካ፣
ማጣሪያው ቢበላሽ ግማሽ ዓመት ሊታገሡት።
ይህን ነው እንግዲህ ማሻሻያ ያሉት።»

ማሻሻያ።
ይህን ቃል መኪናዬ ሳትደናቀፍ ትመታለች፤
ረቂቅ፣ ባለሀብት፣ ልማት፣ ሁሉንም ታውቃለች፤
የሥራ ዕድል ስላት እንኳ በንጉሡ ሠ ትሮጣለች።
ሳል ስላት ግን፣ «ል» ብቻ።
ሳንባ ስላት፣ «ንባ»፤ እንባ ሊሆን ምንም አልቀረው።
ሰው ስላት፣
ባዶ ቦታ፣ ከጎኑ «ው»።

ጎረቤቴ ሮብሌ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣው፣
«በንጉሡ ምታው» አለኝ፣ «ማን ሊለየው? ያው ነው፣ ያው።»
«አይደለም» አልኩት፣ «መሥዋዕት የሚጻፍበት ነው፤
ሰውን በሱ ከመታሁትማ፣ ታርዶ ነው የሚደርሰው።»

ስለዚህ ክፍቱን ትቼ፣ በቢክ እስክሪብቶ
ሰውን በእጄ ጻፍኩት፣ ወረቀቱ ላብ ጠጥቶ።
ሳልንም፣ ሳንባንም፣ የፈራሚውን ስም በሙሉ፤
ከገንደ ቆሬ ሦስት መቶ አርባ፣ በጣት አሻራ የሚበዙት።
የቀለሙ ስፖንጅ እንኳ አቧራ ጠጥቶ ሊጥ ሆኖ ነበር።

አንድ ነገር ልናገር፤ ኢፍቱ ዛሬም አታውቀውም።
ፋብሪካው ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።
ያኔ ፊደሌ ሙሉ ነው።
ሰባት ገጽ፤ ገጹን በሰባት ብር።
እሳቱ ሰ እያለ፣ «ሰው» የሚል ቃል አልነበረበትም።
ምሳ በላሁበት፤ ለልጄም ጫማ ገዛሁበት።
ከኢፍቱ ያልተቀበልኩት ሒሳብ ያንን አይከፍልም፤ አውቃለሁ።

የውይይቱ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ፤
ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከጥግ ጥግ አመላለሰ።
ሰብሳቢው ወረቀቱን አየና መነጽሩን መለሰ፤
«ይህ ምንድን ነው? ግማሹ በመኪና፣ ግማሹ በእጅ!
በሥርዓት ተጽፎ ይምጣ እንጂ።»

ኢፍቱ ተነሣች። ከሻሿ ፈትታ
ሳህኑን ፊቱ አኖረችው።
የዚያን ሌሊት ነው። በማንኪያ አልሰፈረችውም።
«በል» አለች፣ «አንተ በሥርዓት ጻፈው።»

አልነካውም።
ዝም ባልንበት ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳለ።
ቀጥሎ አንዲት እናት። ቀጥሎ ልጇ። ቀጥሎ፣ ይቅርታ ብሎ፣
ጥበቃው ራሱ፣ በሩ ላይ።
ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን አነሣ፤
ምን ብሎ ይጻፈው?

ረቂቁ አልጸደቀም። አልወደቀምም።
«ለተጨማሪ ጥናት» ተብሎ ከመሳቢያ ገባ፤
መሳቢያ ደግሞ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ እኔ አላጣሁትም።
ኢፍቱ ዛሬም ሳህኗን ማታ ማታ ታወጣለች፤
ሁለተኛውን ደብተር ጀምራለች።

አንድ ጠጋኝ ከከዚራ፣ «ፊደሏን አገኘሁልህ» አለኝ።
«ይቆይ» አልኩት። ለምን እንዳልኩት እንጃ።
የማመልከቻው ግልባጭ እኔ ጋ ነው፤
የመጨረሻው ቃል «ስሙን» ይላል፤
ስ በቢክ፣ ሙን በመኪና።
ስ ከመሥመሩ ትንሽ ከፍ ብላለች።